የባቡር ድልድይ ኮንክሪት ዕድሜ እንዲኖረው እንዴት ይሞላል?

የአዋሽ–ኮምቦልቻ–ሐራ ገበያ መስመርን የመሰለ የባቡር ድልድይና የድጋፍ ግንብ አብዛኛውን ጊዜ ለ100 ዓመት ታስቦ ይነደፋል። ያን ዕድሜ የምትወስነው ፌሮውን የሸፈነችው 5 ሴንቲ ሜትር ኮንክሪት ናት። የአየሩ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ቀስ እያለ ይሰርጋል፤ ፌሮው ጋ ሲደርስ ዝገት ይጀምራል፣ ዝገቱም አብጦ ኮንክሪቱን ይሰነጥቀዋል። ሽፋኑ በግማሽ ቢሳሳ ጊዜው በግማሽ ሳይሆን ወደ ሩብ ይወርዳል፦ 5 ሴንቲ ሜትሩ 80 ዓመት የሚይዝ ከሆነ 2.5ቱ የሚይዘው 20 ብቻ ነው።

ስለዚህ ሥራው የሚጀምረው ከስፔሰር፣ ማለትም ፌሮውን ከፎርሙ (ኮንክሪቱ ከሚሞላበት ቅርጽ ማውጫ) አርቆ ሽፋኑን ከሚጠብቅ ትንሽ ድጋፍ ነው። ከዋናው ኮንክሪት በማይተናነስ ሞርታር (የስሚንቶና የአሸዋ ድብልቅ) 5 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያላቸውን ስፔሰሮች ቀድማችሁ ሥሩ፤ በየሜትሩ ፌሮው ላይ በሽቦ እሰሩ። በስፔሰር ፋንታ የሚደረግ የድንጋይ ስባሪ ቫይብሬተር (ኮንክሪቱን እያንቀጠቀጠ የሚያጠጋጋ መሣሪያ) ሲነካው ይንሸራተታል፣ እንጨት ደግሞ በስብሶ ለውሃ መንገድ ይከፍታል። ፎርሙ ከመዘጋቱ በፊት ሽፋኑን በሜትር ለኩ።

አሸዋውን በብርጭቆ ፈትኑ፦ እስከ ግማሽ አሸዋ፣ ከላይ ትንሽ ጨው ያለበት ውሃ አድርጋችሁ በደንብ ነቅንቁና 3 ሰዓት አስቀምጡት። ከላይ የተኛው ደለል ከአሸዋው ቁመት 6 በመቶ ካለፈ ይታጠብ ወይም ይመለስ።

ብዙ ኮንክሪት የሚበላሸው በውሃ ነው። ለአንድ 50 ኪሎ ስሚንቶ ከ22 ሊትር አትለፉ። ክረምት ላይ ሁለት የመለኪያ ሳጥን እርጥብ አሸዋ ብቻውን 5 ሊትር ገደማ ይዞ ይገባል፤ ያንን ቀንሱ። ድብልቁ ከጠጠረ ሱፐርፕላስቲሳይዘር (ውሃ ሳይጨመር ድብልቁን የሚያላላ ኬሚካል) ይጨመር እንጂ የውሃ ባልዲ አይነሳ። ደሴ ላይ ረፋድ የማያስቸግረው ሙሌት ኮምቦልቻ ሙቀት ውስጥ ቶሎ ይደርቃል፤ በጠዋት ጀምሩ፣ ከተቦካ በ90 ደቂቃ ውስጥ ጨርሱ።

በ40 ሴንቲ ሜትር ንብርብር ሙሉ። ቫይብሬተሩን ቀጥ አድርጋችሁ፣ ከታችኛው ንብርብር 10 ሴንቲ ሜትር እስኪገባ አስጠልቁ፤ የአየር አረፋው ሲያቆም ቀስ ብላችሁ አውጡ። ፌሮውን አታንቀጥቅጡ።

እንደ አዲስ አበባ ቀላል ባቡር በዲሲ (በአንድ አቅጣጫ በሚፈስ) ኤሌክትሪክ ለሚሠራ መስመር፣ ከሐዲዱ የሚያመልጠው ጅረት ፌሮውን እንዳይበላ ሐዲዱ ከኮንክሪቱ በማያስተላልፍ ጎማ ይለያል።

ከዚያ ውሃ ማጠጣት፦ በእርጥብ ጆንያ ሸፍኖ ለኦፒሲ (ተራ ፖርትላንድ ስሚንቶ) 7፣ ለፒፒሲ (ፖዞላና የተቀላቀለበት ስሚንቶ) 14 ቀን፣ ሌሊትም ሳይደርቅ።

ፎርሙ ሲፈታ ጠጠሩ ተራቁቶ ከታየ በስሚንቶ ለብጦ መደበቅ አይገባም። ልሉ እስከ ጤነኛው ኮንክሪት ተጠርቦ ይውጣ፣ ይታጠብ፣ በማይኮማተር የጥገና ሞርታር ይሞላ።