ፔልቲየር ተገጥሞለት ይብሱን የሚግል ፕሮሰሰር

"ፔልቲየር ገጠምኩለት፣ ይብሱን ጋለ" የሚል ሰው አያልቅም። ፔልቲየር ማለት ኤሌክትሪክ ሲሰጠው ከአንዱ ፊቱ ሙቀት ወስዶ ወደ ሌላኛው የሚያሻግር ስስ ሰሌዳ ነው። ሽቦው እንዳልተገለበጠ፣ ሙቀት አስተላላፊው ፔስትም በሁለቱም ፊት እንደተቀባ አይታችኋል ብዬ ልለፍ።

ጥፋቱ ሁሌም ለማለት በሚያስደፍር ሁኔታ ትኩሱ ፊት ላይ ነው። ፔልቲየር ሙቀት አያጠፋም፣ ያሻግራል። የበላው ኤሌክትሪክም ሙቀት ሆኖ እዚያው ይደመራል። ገበያውን የሞላው 12706 የሚባለው ሞዴል በ12 ቮልት 50 ዋት ገደማ ይበላል። ፕሮሰሰሩ 65 ዋት ካመነጨ ሂትሲንኩ (ትኩሱ ፊት ላይ የሚገጠመው ሙቀት አስወጪ ብረት) 115 ዋት ማውጣት አለበት። ከፕሮሰሰሩ ጋር በካርቶን የመጣችው ፋን ይህን አትችልም! በዚያ ላይ 12706 ቢበዛ የሚያሻግረው ከ50 እስከ 60 ዋት ነው፤ ያውም የሁለቱ ፊቶች ሙቀት እኩል ሲሆን። ለ65 ዋት አይበቃም።

አንድ ልጅ በ35 ዋት ፕሮሰሰር ላይ ገጥሞት አልቀዘቅዝ ሲለው ቮልቱን 15 አደረሰው። ስደርስ ሂትሲንኩ እጅ አያስጠጋም። ወደ 7 ቮልት አወረድኩት፤ የፕሮሰሰሩ ሙቀት ወዲያው መውረድ ጀመረ። አምፔር እጥፍ ሲሆን የማሻገር ጉልበቱ እጥፍ ይሆናል፣ ውስጡ የሚፈጠረው ሙቀት ግን አራት እጥፍ።

ስለዚህ እንደ 12715 ያለ ትልቅ ግዙና በዝቅተኛ ቮልት አሠሩት፤ ትኩሱን ፊት በውሃ ወይም በትልቅ ሂትሲንክ አቀዝቅዙ። ፕሮሰሰሩን ሥራ አብዝታችሁበት ከ5 ቮልት ጀምሩ። አንድ አንድ ቮልት ጨምሩ፣ ሙቀቱ እስኪረጋ ጠብቁ። መውረዱን ሲያቆም አንድ ቮልት መልሱ። በቃ።

12706 ተጽፎበት በ12 ቮልት 2 አምፔር ብቻ የሚስብ ካጋጠማችሁ ተሸውዳችኋል፤ ለሻጩ መልሱለት።

ቀዝቀዝ ሞቅ እያለ የሚዋዥቅ ከሆነ የሚያበራ የሚያጠፋውን ርካሽ መቆጣጠሪያ አውጡት። መጋልና መቀዝቀዙ ሲደጋገም የውስጡ ብየዳ ይሰነጠቃል። ለስላሳ (የማይቆራረጥ) ዲሲ የሚሰጥ ኮንቨርተር አድርጉ።

ጭራሽ ካልሠራ ውስጡ ተበጥሷል፤ ቀይሩት።

ከማዘርቦርዱ የፋን ሶኬት ኃይል አትስረቁ፣ ይቃጠላል። የራሱ ፓወር ሰፕላይ ካለው ከኮምፒውተሩ ጋር አብሮ ይነሳ፤ ፔልቲየሩ ከጠፋ ፕሮሰሰሩ ታፍኖ ይግላል። ከክፍሉ ሙቀት በታች ብዙ ካወረዳችሁት ጤዛ ይይዛል፣ ማዘርቦርዱም ይበላሻል። ያለ ሂትሲንክ ደግሞ "ለሙከራ ነው፣ ለአንድ ደቂቃ" ብላችሁ 12 ቮልት አትስጡት። ብየዳው ይቀልጣል።