ኮሌጅን ለርቀት ማስተማር ማስታጠቅ፦ ከገንዘብ ማፈላለግ እስከ ዕቃ ርክክብ

በመጋቢት 2012 ዓ.ም. በኮቪድ-19 ምክንያት የትምህርት ተቋማት ሲዘጉ፣ ብዙዎቹ ኮሌጆቻችን ተማሪዎቻቸውን ወደየቤታቸው ከሸኙ በኋላ በእጃቸው የቀረው የቴሌግራም ግሩፕና የመምህሩ የግል ስልክ ነበር። ከዚያም ወዲህ በጸጥታ ችግር ትምህርት በተቋረጠባቸው አካባቢዎች ተመሳሳይ ጥያቄ ደጋግሞ ተነሥቷል፤ ተማሪው ግቢው ውስጥ በማይኖርበት ጊዜ ኮሌጁ በምን ያስተምረዋል? ይህ ጽሑፍ ለኮሌጅ ዲኖችና መምህራን፣ እንዲሁም የተማሩበትን ኮሌጅ ለመርዳት ለሚያስቡ የቀድሞ ተማሪዎችና በውጭ አገር ለሚኖሩ ወገኖች የተዘጋጀ ነው።

አብዛኛውን ጊዜ ሥራው የሚጀመረው ዕቃ በመዘርዘር ነው፤ ሃምሳ ላፕቶፕ፣ ሁለት ፕሮጀክተር፣ አንድ ካሜራ እየተባለ ይጻፋል። እኔ የምመክረው ግን መጀመሪያ የትምህርቱን ሰዓት መቁጠር ነው። በሳምንት ሦስት ሰዓት የሚሰጥ አንድ ኮርስ በ16 ሳምንት ሴሚስተር ውስጥ 48 ሰዓት ይወስዳል። ይህ ሁሉ በቀጥታ ቪዲዮ ይሰጥ ቢባል፣ በሰከንድ 1 ሜጋቢት በሚወስድ መጠነኛ የምስል ጥራት አንድ ሰዓት 450 ሜጋባይት ስለሚፈጅ፣ ለአንድ ኮርስ 21.6 ጊጋባይት፣ አምስት ኮርስ ለሚወስድ ተማሪ ደግሞ 108 ጊጋባይት ዳታ ያስፈልጋል። ያው ትምህርት በሰከንድ 32 ኪሎቢት በሆነ ጥርት ያለ ድምፅ ቢቀዳ ግን አንድ ሰዓቱ 14.4 ሜጋባይት ብቻ ስለሚሆን፣ የአምስቱም ኮርስ የሴሚስተር ድምፅ ተደምሮ ወደ 3.5 ጊጋባይት ይደርሳል። ከማስተማሪያ ጽሑፎቹ ጋር ሆኖ በአንድ ባለ 8 ጊጋባይት ሚሞሪ ካርድ ላይ ይገባል ማለት ነው። የኢንተርኔት ጥቅል ዋጋ የሚያስጨንቀው ቤተሰብ ውስጥ የሚኖር ተማሪ የትኛውን ሊከታተል እንደሚችል ለመወሰን ከዚህ የተሻለ ማስረጃ አያስፈልግም።

ስለዚህ የትምህርቱ ዋና አካል የሚወርድ ድምፅና ጽሑፍ ይሁን፤ የቀጥታ ስብሰባ በሳምንት አንድ ጊዜ ለጥያቄና መልስ ብቻ ይቀመጥ። እንደ ብረት መቁረጥና ብየዳ ያለ በዓይን ካልታየ የማይገባ የተግባር ትምህርት ሲሆን አጭር ቪዲዮ ይቀረጻል፤ የእጅ ልምምዱ ግን ተማሪው ግቢ ተጠርቶ በተከታታይ ቀናት ቢሰጥ ይሻላል። ይህንን ሁሉ ለማደራጀት ሙድል የተባለው የክፍያ ፈቃድ የማይጠይቅ ሥርዓት በቂ ነው። የስልክ መተግበሪያውም ተማሪው ኔትወርክ ባገኘበት ቦታ ትምህርቱን አውርዶ ቤቱ ሲገባ ያለ ኢንተርኔት እንዲከፍተው ያስችለዋል። ሙድል ለሚጫንበት ዋና ኮምፒዩተር (ሰርቨር) በተለምዶ የሚሠራበት ግምት በአንድ ጊዜ ለሚጠቀሙ ከ10 እስከ 20 ለሚሆኑ ሰዎች 1 ጊጋባይት ራም (የኮምፒዩተሩ ጊዜያዊ የሥራ ማህደር) ነው። በአንድ ጊዜ 200 ተማሪ ይገባል ብሎ የሚያስብ ኮሌጅ ከ16 ጊጋባይት በታች አይግዛ፤ 32 ቢሆን ፈተና ሲደርስ ይተነፍሳል። ኔትወርክ ጨርሶ በሌለበት ወረዳ ያሉ ተማሪዎች ደግሞ በወር አንድ ጊዜ ትምህርቱን በሚሞሪ ካርድ የሚቀዱበት፣ የሠሩትንም የቤት ሥራ የሚያስረክቡበት ቦታ ከአካባቢው ትምህርት ቤት ጋር በመነጋገር ሊመቻች ይገባል።

መብራት ሌላው ሊታሰብበት የሚገባ ጉዳይ ነው። ባለ 12 ቮልትና 100 አምፒር-ሰዓት ባትሪ በወረቀት ላይ 1,200 ዋት-ሰዓት ይይዛል፤ ነገር ግን የሊድ-አሲድ ባትሪ ከግማሽ በታች እየወረደ ከተሠራበት ዕድሜው ያጥራል፣ የባትሪውን ኃይል ወደ ቤት መብራት ዓይነት የሚቀይረው ኢንቨርተርም እስከ 15 በመቶ ያባክናል። በእርግጥ እጅ ላይ የሚቀረው 510 ዋት-ሰዓት አካባቢ ነው። አንድ ላፕቶፕ፣ አንድ አምፖልና አንድ ራውተር ተደምረው 85 ዋት ቢፈጁ ስድስት ሰዓት ያሠራቸዋል፤ ለአንድ የመቅጃ ክፍል ይበቃል። ሰርቨሩ ሌት ተቀን ስለሚሠራ ለብቻው ተሰልቶ ከጄኔሬተሩ መስመር ጋር መያያዝ አለበት።

የመቅጃ ክፍሉን ጉዳይ ሰዎች አቅልለው ያዩታል። አንድ ክረምት የባንክና ፋይናንስ ትምህርት በኮሌጁ ቢሮ ውስጥ ስንቀዳ፣ መምህሩ ወለድ አሰላሉን በሚገባ አስረድተው ሲጨርሱ መልሰን ብናዳምጠው ከድምፃቸው ይልቅ በቆርቆሮው ላይ የሚወርደው ዝናብ ጎልቶ ተሰማ። ሁለት ሰዓት ሙሉ የለፉበት ትምህርት እንደገና ተቀዳ። ከዚያ በኋላ ኮርኒስ ያለው፣ ከመንገድ የራቀ ጠባብ ክፍል መረጥን፤ በሦስቱ ግድግዳዎች ላይ ወፍራም መጋረጃ ሰቀልን፣ ወለሉን ምንጣፍ አለበስን፣ ከካሜራ በፊትም በደረት ላይ የሚሰካ ማይክሮፎን ገዛን። ቀረጻው የተሠራው በመምህሩ በራሳቸው ስማርት ስልክ ነበር። ተማሪ የደበዘዘ ምስል ይታገሣል፤ የማይሰማ ድምፅን ግን ከአምስት ደቂቃ በላይ አይታገሥም። ገንዘብ ካነሰ ካሜራው ይቅር፣ ማይክሮፎኑና መጋረጃው ግን አይቅሩ።

ወደ ገንዘቡ ስንመጣ፣ ወጪውን በሁለት መክፈል ያስፈልጋል። አንደኛው አንዴ ተገዝቶ የሚቆይ ዕቃ ሲሆን በመንግሥት ኮሌጅ ካፒታል በጀት ይባላል፤ ሁለተኛው በየዓመቱ የሚመላለሰው፣ የኢንተርኔት ክፍያ፣ የባለሙያ ደመወዝ፣ የባትሪና የመለዋወጫ ወጪ ነው። ከውጭ የሚመጣ ረጂ የመጀመሪያውን በደስታ ይሰጣል፤ ሁለተኛውን የሚሸከመው ኮሌጁ ራሱ ነው። በ1997 ዓ.ም. አካባቢ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የተተከሉትን የፕላዝማ ቴሌቪዥኖች ያስታውሷቸዋል። ሲበላሹ የሚጠግናቸው ባለሙያና መለዋወጫ በአቅራቢያው ያልተገኘላቸው ትምህርት ቤቶች ዕቃውን ግድግዳ ላይ ትተው ወደ ጥቁር ሰሌዳቸው ተመልሰዋል። ስለዚህ ዓመታዊው ወጪ ሐምሌ 1 በሚጀምረው የበጀት ዓመት መደበኛ በጀት ውስጥ አስቀድሞ ካልተያዘ ዕቃውን አለመቀበል ይሻላል። ይህን ስል ስጦታ መመለስ ቀላል እንደማይሆን አውቃለሁ። በጀቱ እንዳይመለስ ተብሎ ሰኔ ላይ በጥድፊያ የሚደረግ ግዢም ከዚሁ ጋር ሊወገዝ ይገባዋል፤ ማንም ያልመረመረው ስፔሲፊኬሽን የሚያልፈው በዚያን ጊዜ ነው። የብር ምንዛሪ ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ የኤሌክትሮኒክስ ዋጋ በምንዛሪው ስለሚንቀሳቀስ፣ ከስድስት ወር በፊት የተሰበሰበ ፕሮፎርማ (የሻጭ የዋጋ ማቅረቢያ) ይዞ ገንዘብ መጠየቅም ሥራውን መሐል መንገድ ላይ ያስቀረዋል።

ከመንግሥት በጀት ሌላ የመጀመሪያው ምንጭ የኮሌጁ የውስጥ ገቢ ነው። የቴክኒክና ሙያ ኮሌጆች በአጫጭር ሥልጠናና በምርት ሽያጭ ገቢ ያገኛሉ፤ ለርቀት ትምህርት የተቀዳውን የኮምፒዩተርና የሒሳብ መዝገብ አያያዝ ኮርስ ለሥራ ላይ ሰዎች በማታ በክፍያ መስጠት የኢንተርኔቱን ወጪ ሊደጉም ይችላል። በአንድ ዞን ያሉ ኮሌጆች አንድ የመቅጃ ክፍልና አንድ ሰርቨር በጋራ ቢይዙም ወጪው ይቀላል፤ የጋራ ኮርሶችን ደጋግሞ መቅዳት ለማንም አይጠቅምም።

ከውጭ የሚላክ ዕቃ የራሱ ጥንቃቄ አለው። የአሜሪካ ኤሌክትሪክ 120 ቮልት፣ የእኛ 220 ቮልት ነው። የላፕቶፕ ቻርጀር አብዛኛውን ጊዜ ከ100 እስከ 240 ቮልት ይቀበላል፤ በጀርባው ላይ የተጻፈውን ማንበብ ይበቃል። የቆዩ ዴስክቶፖች ግን ከኋላቸው 115 እና 230 የሚል ትንሽ መቀያየሪያ ስላላቸው፣ 115 ላይ እንዳለ ቢሰካ ያኔውኑ ይቃጠላል። ለ120 ቮልት ብቻ የተሠራ ፕሪንተር ደግሞ ባይላክ ይሻላል። ከአውሮፓና ከእስራኤል የሚመጣው ዕቃ በቮልቴጅ በኩል ችግር የለበትም፤ የመሰኪያ መለወጫ ብቻ ይበቃዋል። ከምንም በላይ ዕቃው ከመጫኑ በፊት የቀረጥ ነፃ ጥያቄው ከነሙሉ ዝርዝሩ በኮሌጁ ስም ተጽፎ ምላሽ ማግኘት አለበት፤ ያለዚያ ዕቃው ጉምሩክ መጋዘን በቆየ ቁጥር ኪራዩ ከዋጋው ሊበልጥ ይችላል። በአሜሪካ የሚኖሩ ወገኖች ገንዘብ ሲያዋጡ በዚያው አገር በበጎ አድራጎትነት በተመዘገበ ማኅበር በኩል ቢያደርጉት የግብር ቅናሽ ሊያገኙበት ይችላሉ፤ በቀጥታ ለውጭ አገር ኮሌጅ የተላከ ስጦታ በአብዛኛው ይህን አያስገኝም።

የድጋፍ ጥያቄው ከሁለት ገጽ አይብለጥ፤ የሚጀምረውም በተማሪዎቹ ይሁን። ለምሳሌ እንዲህ ቢጻፍ መልካም ነው፦ «የአካውንቲንግ ክፍል 120 ተማሪዎች በመጪው ሴሚስተር አምስት ኮርሶችን ከቤታቸው ሆነው እንዲከታተሉ አቅደናል። መምህራኑንና የቴክኒክ ባለሙያውን ኮሌጁ መድቧል፤ የመብራትና የኢንተርኔት ወጪው በመደበኛ በጀት ተይዟል። ከእርስዎ የምንጠይቀው የአንድ ሰርቨርና የ120 ሚሞሪ ካርዶችን ዋጋ ነው። ሴሚስተሩ ሲያልቅ ስንት ተማሪ ኮርሱን እንደጨረሰ በጽሑፍ እናሳውቃለን።» እንዲህ ያለውን ደብዳቤ የሚያነብ ሰው ገንዘቡ ምን ላይ እንደሚውል ወዲያው ይረዳል፤ የጎደለውን ቁጥር ቆርጦ ለመሙላትም አይቸገርም።

ዕቃው ሲገባ በሞዴል 19 (የንብረት ገቢ ደረሰኝ) ተመዝግቦ ንብረት ክፍል መግባቱ ግዴታ ነው፤ ችግሩ የሚመጣው ከዚያ ሳይወጣ ሲቀር ነው። በአንድ ኮሌጅ ሠላሳ ላፕቶፕ ከነካርቶኑ ሰባት ወር ግምጃ ቤት ተቀምጦ አይቻለሁ። ምክንያቱ ቢጠፋ ማን ይጠየቃል የሚለው ስላልተወሰነ፣ በሞዴል 22 (የንብረት ወጪ ደረሰኝ) ለመረከብ የሚፈርም መምህር አለመገኘቱ ብቻ ነበር። ስለዚህ ግዢው ሳይፈጸም ዲኑ፣ ንብረት ክፍሉና መምህራኑ አንድ ላይ ተቀምጠው ዕቃው በማን ስም እንደሚወጣ፣ በአገልግሎት ላይ እያለ ሲበላሽ እንዴት እንደሚታይ፣ ክረምት ላይ የት እንደሚቀመጥ የሚገልጽ የአንድ ገጽ ደንብ ተፈራርመው ይያዙ።

ሥራውን በአንድ ትምህርት ክፍልና በአንድ ሴሚስተር ይጀምሩ። በሦስተኛው ሳምንት ለተማሪዎቹ በስልክ እየተደወለ ያልደረሰው የትኛው ትምህርት እንደሆነ፣ ስንት ሜጋባይት እንደፈጀና የት እንደተቋረጠ ይጠየቅ፤ የሚቀጥለው ዓመት በጀት የሚጻፈው በዚህ መልስ ላይ ተመሥርቶ ነው። የባትሪዎቹ መለወጫ ዓመትም በዚያው ሠንጠረዥ ላይ ከአሁኑ ይመዝገብ።