ከጅማ ተነስቶ ኬንያ ላይ ጨረታ እንዴት ይገባል?

ጅማ ላይ ትምህርት ቤት ስንገነባ፣ የውስጥ ለውስጥ መንገድ ኮብል ስናነጥፍ ዓመታት አለፉ። ሥራ ሲቀዘቅዝ ሂርማታ ሰፈር ቡና ይዘን «ኬንያስ ብንሞክር?» ተባባልን። ኮንክሪት የትም ኮንክሪት ነው ብዬ ነበር። የጣለኝ ግን ወረቀት ነው።

መጀመሪያ ሰነድ። ንግድ ፈቃድ፣ የሥራ ተቋራጭነት ምስክር ወረቀት፣ የሥራ ልምድ ማስረጃ። እንግሊዝኛ ያልሆነውን አስተርጉሙ። ከዚያ ሰነዶች ማረጋገጫ፣ ውጭ ጉዳይ፣ በመጨረሻ ኤምባሲ። አዲስ አበባ መመላለስ አለ፤ እሱን ታውቁታላችሁ።

ቀጥሎ አጋር። የኬንያ ሕግ የውጭ ተቋራጭ ከሥራው ዋጋ ቢያንስ 30 በመቶውን ለአገሬው ድርጅት በንዑስ ተቋራጭነት ወይም በሽርክና እንዲያካፍል ያስገድዳል። እኔ ብሆን ሽርክናውን እመርጣለሁ። ለምን እንደሆነ አሁን እነግራችኋለሁ።

የጨረታ ማስከበሪያ። እዚህ አገር ሲፒኦ (በባንክ የተረጋገጠ የክፍያ ማዘዣ) አሠርተን ፖስታ ውስጥ መክተት ለምደናል። የዓለም ባንክ ገንዘብ ያለበት ጨረታ ላይ የባንክ ዋስትና ካመጣችሁ ግን ጣጣው ብዙ ነው። ባንኩ ከአገሩ ውጭ ከሆነ እዚያው አገር ወኪል ባንክ እንዲኖረው ይጠየቃል። ስለዚህ ባንክ ስትገቡ መጀመሪያ «ናይሮቢ ከማን ጋር ትሠራላችሁ?» በሉ። ቅርንጫፉ ካልመለሰላችሁ ዋናው መሥሪያ ቤት ሂዱ።

ሁለተኛው ጣጣ ቀኑ ነው። የእኛ ዋጋ 120 ቀን የሚጸና ነበር። ዋስትናውንም 120 ቀን አስባልኩት። ሰነዱ ግን ዋስትናው ከዚያ 28 ቀን ይለፍ ይላል። 148 ማለት ነው። አንቀጿን አንብቤ አልፌያታለሁ! ከሁለት ወር በኋላ የውድቅ ደብዳቤ መጣ። ዋጋችንን እንኳን አላነጻጸሩትም።

ባንኮች የራሳቸውን ቅጽ ይወዳሉ፤ እሺ አትበሉ። ጨረታ ሰነዱ ውስጥ ያለውን ቅጽ ቃል በቃል ያውጡላችሁ። የሚያበቃበትን ቀን በፈረንጅ አቆጣጠር አስጽፉ። ቢያንስ ወር ሲቀረው ጀምሩ። አቋራጩ የኬንያው ሸሪካችሁ ዋስትናውን ከራሱ ባንክ እንዲያወጣው ማድረግ ነው፤ ሽርክናውን እመርጣለሁ ያልኩትም ለዚህ ነው። ታዲያ ሽርክናው ገና በሕግ ካልቆመ የሁላችሁም ስም ይግባበት።

ዋጋ ላይ ብዙ አልልም። ነዳጅና የቀን ሠራተኛ በሺሊንግ የምትከፍሉ ከሆነ በሺሊንግ አስሉ። ከሐምሌ 2016 ወዲህ የብር ምንዛሪ በገበያ ነው የሚወሰነው፤ የጅማን ነጠላ ዋጋ ይዞ መሄድ ዕዳ ነው።

የማስገቢያ ሰዓት ደግሞ አለ። ስዋሂሊ ተናጋሪ እንደኛው ከጠዋት ይቆጥራል፤ «ሳአ ኔ» ካላችሁ 4 ሰዓት ነው። ጨረታ ሰነድ ላይ 10:00 ካያችሁ ግን ያው የጠዋቱ 4 ሰዓት ነው። ከሰዓት በኋላ 10 ሰዓት ላይ ብትደርሱ ሳጥኑ ተከፍቶ ሰዉም ተበትኗል።