ለቤት የንባብ ማስተማሪያ አመራረጥ፦ ለጅማ ወላጆች

ጅማ ውስጥ ለአምስት ዓመት ልጅ የንባብ ማስተማሪያ የሚፈልግ ወላጅ ቶሎ የሚጠይቀው የትኛውን መጽሐፍ ልግዛ ብሎ ነው። ከዚያ በፊት መቆረጥ ያለበት ቋንቋውና ፊደሉ ነው። እዚህ ከተማ አንድ ልጅ ቤት ውስጥ አማርኛ፣ ሰፈር ውስጥ አፋን ኦሮሞ፣ ኬጂ ውስጥ እንግሊዝኛ፣ ከሰዓት ደግሞ መድረሳ ዐረብኛ ሊገጥመው ይችላል። ይህ ማለት ሦስት ዓይነት ጽሕፈት ነው፤ አንዱ ከቀኝ ወደ ግራ ይሄዳል፣ ከቀሩት አንዱን ደግሞ ሁለት ቋንቋዎች በየራሳቸው ድምፅ ይጠቀሙበታል። ሁሉንም በአንድ ወር የጀመረ ቤት ብዙ ጊዜ አንዱንም ሳይጨርስ ይተወዋል።

ልጃችሁ ተረት ሲነገረው ትርጉም ሳይጠይቅ በሚስቅበት ቋንቋ ጀምሩ። ጀማሪ አንባቢ ፊደሎቹን አገጣጥሞ ሲያበቃ የሚያገኘው ቃል ቀድሞ በጆሮው የሚያውቀው መሆን አለበት፤ አለበለዚያ በትክክል ማንበቡን ራሱ ሊያረጋግጥ አይችልም። አፋን ኦሮሞና አማርኛ እኩል የሚናገር ከሆነና በመስከረም የሚገባበት ትምህርት ቤት በቁቤ (በላቲኑ የአፋን ኦሮሞ ፊደል) የሚያስተምር ከሆነ በቁቤ መጀመር ያዋጣል። ሁለተኛውን ፊደል ለመጨመር አትቸኩሉ፤ በመጀመሪያው አይቷቸው የማያውቃቸውን 20 አጫጭር ቃላት ያለ እርዳታ እስኪያነብ ጠብቁ።

ከዚህ በታች ያለው በአብዛኛው ስለ አማርኛ ነው፤ ቁቤንና እንግሊዝኛን ወደ ኋላ እንነካቸዋለን።

ጆሮው ደርሷል?

ማንኛውም መጽሐፍ ከመገዛቱ በፊት ሁለት ነገር ሞክሩ። "ቡና" በሉትና እያጨበጨበ ይክፈለው፤ ቡ፣ ና። ቀጥሎ "ቡና፣ ቡሄ፣ ማር" ብላችሁ አጀማመሩ የተለየው የትኛው እንደሆነ ጠይቁት። ሁለቱም ካልሆኑለት ችግር የለም፣ ግን ፊደል ማሳየት ገና ነው። ሁለት ሦስት ሳምንት በተረት፣ በእንቆቅልሽና በዚሁ በጭብጨባ ጨዋታ ቆዩ። በዚህ ረገድ አማርኛ ይረዳል፤ አንድ ፊደል ባብዛኛው አንድ ጭብጨባ ነው።

ቃል የሚመጣው ስንተኛው ገጽ ላይ ነው?

አንዱን ማስተማሪያ ከሌላው የሚለየው ዋናው ጉዳይ ይኸው ነው። በአንድ ማስተማሪያ ልጁ ከፊደል ወደ ቃል የሚሻገረው መቼ ነው? ሽፋኑ፣ ቀለሙና አብሮት የሚመጣው ሲዲ ሁሉ ከዚህ በኋላ የሚታይ ነው።

ገበያ ላይ ያሉት አብዛኞቹ የሀሁን ቅደም ተከተል ይከተላሉ። ይህን ተራ ሒሳብ ውስጥ አስገቡት። የመጀመሪያዎቹ ሦስት ረድፎች የሀ፣ የለ እና የሐ ናቸው፤ 21 ምልክት። በአማርኛ አነጋገር ሀ እና ሐ ድምፃቸው አንድ ነው፤ ሀ እና ሃም እንዲሁ። ልጁ 21 ቅርጽ ተሸክሞ የሚያነበው ቃል እንደ "ሁሉ" እና "ሌላ" ካሉት ጥቂቶች ብዙም አያልፍም። ጉልበቱ አለቀ፣ ንባብ የሚባለው ነገር ምን እንደሆነ ግን ገና አላየም።

አሁን ሌላ አደራደር ተመልከቱ። ከለ፣ ከመ እና ከሰ ረድፎች ግዕዙን፣ ራብዑን እና ሳድሱን ብቻ የወሰደ ማስተማሪያ ዘጠኝ ምልክት ይዟል፤ ለ ላ ል፣ መ ማ ም፣ ሰ ሳ ስ። ከእነዚህ ላም፣ ሰላም፣ ስም፣ ሰም፣ ሳል፣ ሳመ፣ ሰማ፣ ላሰ፣ ምላስ እና ማማ ይወጣሉ። በ ባ ብ ሲጨመሩ ልብ፣ ላብ፣ ልብስ፣ ባል፣ በላ፣ ብላ፣ ሰብል ይከተላሉ። በሁለት በሦስት ሳምንት ውስጥ "ልስልስ ልብስ" የምትል ሐረግ ማንበብ ይቻላል። የሚፈለገው ይህን የመሰለ ነው፤ ፊደሎቹ የግድ እነዚሁ ይሁኑ አይባልም።

በዚህ አደራደር ሳድስ ቀድሞ መምጣቱን ልብ በሉ። በአማርኛ ጽሑፍ ከሰባቱ ድምፆች ይበልጥ የሚደጋገመው ሳድስ ነው፤ ሳድስ ሳይያዝ ስም የሚባል ቃል ለማንበብ ያስቸግራል። ሁሉንም ግዕዝ ከላይ እስከ ታች አስጨርሶ ወደ ካዕብ የሚያልፍ መጽሐፍ "ሰበረ፣ ነገረ፣ ፈለገ" ያስነብባል፤ "ቤት" እና "ውሻ" ግን ወራት ይርቁበታል። ሳድስ ራሱ ሁለት ጠባይ አለው። ምላስ ላይ ያለው ም ትንሽ አናባቢ አለው፣ ላም ላይ ያለው የለውም። ጥሩ ማስተማሪያ ይህን ለወላጁ በአንድ ገጽ ያስረዳል፤ ያላስረዳ እንደሆነ ልጁ የ"ላም"ን መጨረሻ እየጎተተ ሲያነብ ወላጁ ምክንያቱን አያውቀውም።

ሌላው መመዘኛ ተመሳሳይ ድምፆችን መቼ ያስተምራል የሚለው ነው። ከ33ቱ ረድፎች ሐ፣ ኀ፣ ሠ፣ ዐ እና ፀ በአማርኛ አዲስ ድምፅ አያመጡም። አምስት ረድፍ በሰባት 35 ምልክት ነው። ከ231ዱ ላይ ሲቀነስ 196 ይቀራል፤ የመጀመሪያው ዓመት ሥራ ይህ ነው። 35ቱ አይጣሉም፤ ዓመት፣ ሐሙስ፣ ሥራ፣ ፀሐይ የሚሉት ቃላት ሲመጡ በየቃላቸው ይለመዳሉ። እነ ቋ፣ ጓ፣ ኳም ቢቆዩ ጉዳት የለውም።

በሒሳቡ ላይ ሳለን፣ "ፊደል በ30 ቀን" የሚል ማስታወቂያ ካያችሁ 196ን ለ30 አካፍሉት። በቀን ከስድስት ምልክት በላይ ይደርሳል፣ ለክለሳ አንድ ቀን እንኳ ሳይተው። በሳምንት አምስት አዲስ ምልክት ግን በ40 ሳምንት ያደርሳል፤ የክለሳ ሳምንታት ሲጨመሩበት አንድ ዓመት ገደማ ነው።

መደብሩ ውስጥ

መጽሐፉን ሳትከፍሉ ክፈቱት። መሀል ላይ ያለ ገጽ ይዛችሁ ከአሥር ገጽ በፊት የተማረው ፊደል ተመልሶ መምጣቱን እዩ። ካልመጣ ክለሳው በእናንተ ትከሻ ላይ ወድቋል። ቀጥሎ መስመሮቹን ተመልከቱ። አማርኛ ሲታተም አንዳንዴ ቃሉ መስመሩ ጫፍ ላይ በተገኘበት ይቆረጣል፤ "ሰላ" እዚህ፣ "ም" ታች። አዋቂ አያስተውለውም፣ ጀማሪ ግን ሁለት ቃል አድርጎ ያነበዋል። ቃል የሚቆርጥ የጀማሪ መጽሐፍ አትግዙ። የፊደሉ መጠን በኮምፒውተር ጽሑፍ ሲለካ ከ24 ባያንስ ይመረጣል። የቃላት መለያው ባዶ ቦታ ወይም ሁለት ነጥብ ሊሆን ይችላል፤ በአንድ መጽሐፍ ውስጥ ሁለቱ ከተቀላቀሉ ግን ተዉት።

ሥዕሎቹ ላይ ቆም በሉ። ከእንግሊዝኛ የተገለበጠ መጽሐፍ የሚጋለጠው እዚህ ነው፤ ልጁ አይቶት የማያውቀው ፍሬ፣ ወይም ሦስት ስም ሊኖረው የሚችል ሥዕል። ለቡ ቡና፣ ለማ ማር፣ ለባ ባርጩማ ብሎ የሣለ መጽሐፍ ለጅማ ልጅ ማብራሪያ አያስፈልገውም።

የሚመሳሰሉ ቅርጾች በአንድ ሳምንት አለመምጣታቸውንም አረጋግጡ። ሰ እና ሸ፣ ነ እና ኘ፣ ደ እና ጀ፣ ዘ እና ዠ፣ ተ እና ቸ፣ ጠ እና ጨ በትንሽ ጭረት ብቻ ይለያያሉ። አንዱ ጠንክሮ ሳይያዝ ሌላው ሲጨመር ሁለቱም ይፈርሳሉ። የረ እና የፈ ረድፎች ደግሞ የእነ ለን እና የእነ በን ሥርዓት በትክክል ስለማይከተሉ ተጨማሪ መልመጃ ይፈልጋሉ፤ ሩ እና ፉን ከፍታችሁ ተመልከቱ።

ስልክና የነጻ መጻሕፍት

አፕ ስትመርጡ ያለ ኢንተርኔት መሥራቱን አስቀድሙ። ኔትወርክ በሚቆራረጥበት ቀን የሚቆም ትምህርት ልማድ አይሆንም። ከዚያ ድምፁን ራሳችሁ አድምጡ፤ ቀ፣ ጠ፣ ጨ፣ ጸ እና ጰ በትክክል ካልተባሉ እዚያው አጥፉት። ልጁ ከመሞከሩ በፊት ድምፁን ቀድሞ የሚናገር አፕ ልጁን አድማጭ ያደርገዋል እንጂ አንባቢ አያደርገውም። ፈተናው ቀላል ነው፦ ከአሥር ደቂቃ ጨዋታ በኋላ ያነበበውን ቃል ወረቀት ላይ በእጃችሁ ጽፋችሁ አሳዩት። ወረቀት ላይ ካልለየው ያወቀው የሥዕሉን ቦታ ነው።

የአፍሪካን ስቶሪቡክ ድረ ገጽ በአማርኛና በአፋን ኦሮሞ አጫጭር የልጆች ታሪኮችን በነጻ ያቀርባል፤ ስቶሪዊቨርም የአማርኛ አለው። አውርዳችሁ ፎቶ ኮፒ ቤት ማሳተም ትችላላችሁ። ብዙዎቹ ትርጉሞች ስለሆኑ ከማሳተማችሁ በፊት አንብቧቸው፤ በገጽ ከአንድ ዐረፍተ ነገር የማይበልጠውን ደረጃ ምረጡ፣ ስምንት ፊደል ያለው ቃል የበዛበትን ለቀጣዩ ዓመት አቆዩት።

የተገዛው ሲጎድል

ፍጹም የሆነ ማስተማሪያ አይገኝም፤ ያላችሁን በሀሁ ተራ የተደረደረ መጽሐፍ ይዛችሁ ተራውን ራሳችሁ መቀየር ትችላላችሁ። ሁለት ኤ4 ጠንካራ ወረቀት እያንዳንዱን ስምንት ቦታ ብትቆርጡ 16 ካርድ ይወጣል፤ ለ12ቱ ምልክቶች ይበቃል፣ አራት ይተርፋል። በጥቁር ማርከር አንድ ካርድ ላይ አንድ ፊደል ጻፉ። የጅማ ክረምት ወረቀት ያረጥባልና ሁለቱንም ፊት በሰፊ ስኮች ሸፍኑ፣ ወይም ላሚኔት አስደርጉ።

የፊደል ገበታውን ግድግዳ ላይ ተዉት፣ ይጠቅማል። አደጋው ዜማው ነው። "ሀ ሁ ሂ ሃ" ብሎ እስከ "ፖ" የሚወርድ ልጅ "ጊ"ን ለብቻዋ ሲያሳዩት ከ"ገ" ጀምሮ በልቡ እየቆጠረ ይደርስባታል። የኔታዎች ይህን ያውቁታል፤ አቡጊዳ የሚባለው ተራ፣ አ ቡ ጊ ዳ ሄ ው ዞ፣ የሀሁን ዜማ አፍርሶ እንደገና ያስቆጥራል። ቤት ውስጥ 10 በ15 ሴንቲሜትር ካርቶን መሀሉን የአንድ ፊደል ያህል ቀዳዳ አድርጋችሁ በገበታው ላይ አንሸራትቱ። በቀዳዳው አንድ ፊደል ብቻ ይታያል፣ ጎረቤቶቹ ይሸፈናሉ። በሦስት ሰከንድ ውስጥ ያልመለሰው ፊደል ገና አልተያዘም ማለት ነው።

በቀን 15 ደቂቃ፣ በሳምንት አምስት ቀን ይበቃል። ሦስት ደቂቃ የድሮ ካርዶች፣ ሦስት ደቂቃ አዲስ ፊደል፣ ስድስት ደቂቃ ቃላት፣ የቀረው መጻፍ። በቀን ብርሃን ብታደርጉት የመብራት መጥፋት አያቋርጣችሁም። ፊደል ፊደሉን እየነጠለ "ም፣ ላ፣ ስ" ብሎ የሚቆም ልጅ ካለ ወደ ሁለት ፊደል ቃላት መልሱት፤ አንዴ በዝግታ፣ ወዲያው በፍጥነት ይበለው። ሥዕል እያየ የሚገምት ከሆነ ሥዕሉን በእጃችሁ ሸፍናችሁ ቃሉን አስነብቡት፣ ከዚያ ግለጡ።

ወደ ዐረፍተ ነገር መሸጋገርን አታዘግዩ። አማርኛ መጥበቅና መላላትን አይጽፍም። "ገና" በዓሉ ይሁን "ገና አልመጣም" የሚባለው፣ "ዋና" ውኃ ውስጥ ይሁን ዋነኛ የሚባለው፣ ከዐረፍተ ነገሩ ውጭ አይለይም። ቃላትን በዝርዝር ብቻ የሚያስነብብ መጽሐፍ ይህን አያሠለጥንም።

ቁቤ፣ እንግሊዝኛ፣ መድረሳ

የቁቤ ማስተማሪያ ፊደሎቹን በአፋን ኦሮሞ ድምፅ መጥራቱን አረጋግጡ። በቁቤ ሲ የጨ፣ ኤክስ የጠ፣ ኪው የቀ ድምፅ ናቸው፤ በእንግሊዝኛ ሦስቱም ሌላ ናቸው። ሁለቱን በአንድ ሰሞን የጀመረ ልጅ የሚሳሳተው በእነዚህ ነው፤ ደብተራቸው በቀለም፣ ሰዓታቸውም ይለይ። ቁቤ የአናባቢን ርዝመትና የተነባቢን መጥበቅ ይጽፋል፤ "ላፋ" አናባቢው በነጠላ ሲጻፍ መሬት፣ በድርብ ሲጻፍ ለስላሳ ነው። ይህን ገና ከመጀመሪያው የማያለማምድ መጽሐፍ ጎዶሎ ነው።

ለእንግሊዝኛ ኤ ቢ ሲ የሚያዘምር ሳይሆን ድምፅ የሚያስተምር ምረጡ። ጆሊ ፎኒክስ 42 ድምፆችን ያስተምራል፤ የሚጀምረውም በኤስ፣ ኤ፣ ቲ፣ አይ፣ ፒ እና ኤን ነው፤ ከእነዚህ ስድስት ብዙ ቃል ቶሎ ስለሚገኝ። መድረሳ ለሚሄድ ልጅ ደግሞ በአማርኛው ገጽ ግራ ጠርዝ ላይ በእያንዳንዱ መስመር መነሻ አረንጓዴ ነጥብ አድርጉለት፤ በጥቂት ሳምንት ነጥቡ አያስፈልገውም።

መቼ ይለወጥ?

በስድስተኛው ሳምንት መጨረሻ ከተማራቸው ፊደሎች ብቻ የተሠሩ፣ ግን አንብቧቸው የማያውቅ አሥር ቃላት ጻፉለት። ሰባትና ከዚያ በላይ ካነበበ ቀጥሉ። ከአራት እስከ ስድስት ከሆነ አዲስ ፊደል ለሁለት ሳምንት አቁማችሁ ከልሱ። ከአራት በታች ከሆነ መጽሐፉን ቀይሩ ወይም ወደ ዘጠኙ ምልክቶች ተመለሱ። በሁለተኛው ፈተናም ካልተነቃነቀ፣ ወይም ገጹን ወደ ፊቱ እያስጠጋ የሚያይ፣ ከኋላው ሲጠሩት የማይሰማ ከሆነ፣ ሌላ መጽሐፍ ከመግዛታችሁ በፊት ዓይኑንና ጆሮውን አስመርምሩ፤ በጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል የዓይን ክፍል አለ።