የዋሻ ካርታ በቴሪዮን ሲሠራ የሚያጋጥሙ ችግሮችና መፍትሄዎቻቸው

ቴሪዮን ማርቲን ቡዳይና ስታቾ ሙድራክ የሠሩት፣ በነጻ የሚገኝ የዋሻ ካርታ ፕሮግራም ነው። የቅየሳውን ቁጥርና በእጅ የተነሣውን ንድፍ አገናኝቶ ካርታውን በፒዲኤፍ ያወጣል፤ የስሪዲ ሞዴሉንም ሎክ በሚባለው መመልከቻ ያሳያል። ይህ ጽሑፍ ከአዳማ ተነሥተው ዋሻ እየቀየሱ ለሚመለሱና ኮምፒውተር ፊት ተቀምጠው ካርታው አልወጣ ለሚላቸው ሰዎች የተዘጋጀ ነው። ካርታ ሲበላሽ የብዙ ሰው እጅ ቀድሞ የሚሄደው ወደ ሥዕሉ ነው፤ ስህተቱ ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚገኘው ከሥዕሉ በፊት በገባው ልኬት ውስጥ ስለሆነ፣ ችግሮቹን ከልኬት ጀምሮ ወደ ሥዕል፣ ከዚያም ወደ ኅትመት በሚሄድ ቅደም ተከተል አስቀምጫቸዋለሁ።

ዙሩ አልገጥም ሲል

በባሌ የሚገኘው ሶፍ ዑመር 15.1 ኪሎ ሜትር ርዝመት ያለውና መተላለፊያዎቹ እርስ በርሳቸው የተጠላለፉ ዋሻ ነው። እንዲህ ባለ ዋሻ ውስጥ የልኬት መስመሩ ደጋግሞ ዞሮ ቀድሞ ወደተለካ ነጥብ ይመለሳል፤ ዙር የሚባለውም ይህ ነው። ቴሪዮን ሥራውን ሲጨርስ በሚጽፈው የሎግ ፋይል፣ ማለትም የሥራው መዝገብ፣ ውስጥ የየዙሩ ስህተት በመቶኛ ተዘርዝሮ ይገኛል። ሌሎቹ ዙሮች 1 ወይም 2 በመቶ ላይ ሆነው አንዱ ብቻ 8 በመቶ ካሳየ፣ ጉዳዩ የመሣሪያው ትክክለኛነት አይደለም፤ አንድ ቦታ ላይ የተሳሳተ ቁጥር ገብቷል ማለት ነው። ይህን አይቶ ማለፍ ትልቅ ጉዳት አለው፤ ምክንያቱም ፕሮግራሙ ስህተቱን በዙሩ ነጥቦች ሁሉ ላይ ስለሚያከፋፍለው፣ በትክክል የተለካውም መተላለፊያ አብሮ ከቦታው ይንሸራተታል።

ስህተቱ የት እንዳለ ለማወቅ በመጀመሪያ በሎጉ ላይ በአግድምና በከፍታ ተለይቶ የተጻፈውን ልዩነት መመልከት ያስፈልጋል። ልዩነቱ በአብዛኛው የከፍታ ከሆነ የሚጠረጠረው ተዳፋት የሚለካው መሣሪያ፣ ክሊኖሜትሩ፣ ነው፤ የአግድም ከሆነ ደግሞ ኮምፓሱ ወይም ሜትሩ ነው። የኮምፓስ ንባብ ብዙ ጊዜ የሚሳሳተው አቅጣጫው በ180 ዲግሪ ተገልብጦ ሲጻፍ ወይም 73 የነበረው 83 ተብሎ ሲነበብ ነው። በክሊኖሜትር በኩል ደግሞ የመደመርና የመቀነስ ምልክት መምታታቱ የተለመደ ሲሆን፣ ከዚያ የሚከፋው ግን በዲግሪው ፋንታ በመቶኛ የተጻፈውን መስመር ማንበብ ነው፤ በብዙ ክሊኖሜትሮች ላይ ሁለቱ መስመሮች ጎን ለጎን ይታያሉና። 20 ዲግሪ ተዳፋት በመቶኛው መስመር ላይ 36 ሆኖ ይነበባል። ይህ ቁጥር እንደ ዲግሪ ተወስዶ ከገባ፣ ከአንድ ነጥብ እስከ ቀጣዩ 15 ሜትር በሚረዝም አንድ ልኬት ላይ የ5.1 ሜትር ከፍታ 8.8 ሜትር ይሆናል፤ የአግድሙም ርቀት በ2 ሜትር ያህል ያጥራል። ሁለት ዙሮች የሚጋሩት ልኬት ካለና ሁለቱም ዙሮች አልገጥም ካሉ፣ ፍለጋው ከዚያ ከጋራው ልኬት ይጀመር። ስህተቱ ተገኝቶ በማስታወሻ ደብተሩ ማረጋገጥ ካልተቻለ፣ ቁጥሩን በግምት ከማስተካከል ይልቅ ያንን ልኬት ብቻ ተመልሶ መለካት ይሻላል።

ቁጥሩ ትክክል ሆኖ አቅጣጫው ሲዛባ

ደብተሩና ፋይሉ አንድ ሆነው ሳለ ዙሩ ካልገጠመ፣ ኮምፓሱን የሳበው ነገር ይኖራል። በአዳማ ዙሪያ ያለው የስምጥ ሸለቆ ዐለት እሳተ ገሞራ የወለደው ነው፤ በተለይ ባዛልት በውስጡ ካለው ማግኔታዊ ማዕድን የተነሣ መርፌውን ሊያዞር ይችላል። የግንባር ባትሪ፣ የብረት ዘለበትና ስልክም እንደዚሁ ናቸው። ይህን ለመለየት በእያንዳንዱ ልኬት ወደፊትም ወደኋላም ማንበብ ያስፈልጋል። ሁለቱ ንባቦች በ180 ዲግሪ መለያየት ሲገባቸው በአንድ ነጥብ ዙሪያ ብቻ ልዩነቱ 184 ወይም 175 እየሆነ ከመጣ፣ ችግሩ ያለው እዚያ ነጥብ ላይ ነው። እንዲህ ባለ ቦታ ከዚያው ነጥብ ወደኋላና ወደፊት የተነበቡት ሁለት አቅጣጫዎች እኩል ስለሚዛቡ በመካከላቸው ያለው ማዕዘን ትክክለኛ ሆኖ ይቆያል፤ ስለዚህ ያልተዛባ ነጥብ ላይ ከተነበበው አቅጣጫ ተነሥቶ የቀጣዩን ልኬት አቅጣጫ በማዕዘኑ ማስላት ይቻላል።

ርቀትን፣ አቅጣጫንና ተዳፋትን በአንድ ጊዜ የሚለካውን ዲስቶኤክስ የሚጠቀሙ ሰዎች መሣሪያውን በ56 ንባብ ካሊብሬት ሲያደርጉ፣ ማለትም ልኩን ሲያስተካክሉ፣ ከብረት መራቅ ይኖርባቸዋል። ፌሮ በተቀበረበት የኮንክሪት ቤት ውስጥ ወይም መኪና አጠገብ የተሠራ ካሊብሬሽን የዋሻውን ልኬት በሙሉ ያበላሻል።

ካርታው ከትክክለኛ ቦታው ርቆ ሲወድቅ

የዋሻው ቅርጽ ትክክል ሆኖ በሳተላይት ምስል ላይ ሲጫን ከአፉ ከ200 ሜትር በላይ ከራቀ፣ ምክንያቱ ብዙውን ጊዜ የዳተም፣ ማለትም የቦታ ቁጥሮች የሚቆጠሩበት መነሻ፣ መቀላቀል ነው። የቆዩት የኢትዮጵያ የመሬት ካርታዎች አዲንዳን በሚባለው ዳተም የተሠሩ ሲሆኑ፣ ጂፒኤስ የሚሰጠው ደግሞ በደብሊውጂኤስ 84 ነው። አዳማም፣ ሐዋሳም፣ ሶፍ ዑመርም በዩቲኤም ዞን 37 ውስጥ ስለሚወድቁ የዞኑ ቁጥር ልዩነቱን አያሳይም። ዳተሙንና ዞኑን በአንድነት በሚገልጸው የኢፒኤስጂ መለያ ቁጥር፣ ለጂፒኤስ ንባብ ኢፒኤስጂ 32637፣ ከአሮጌ ካርታ ለተነሣ ነጥብ ደግሞ ኢፒኤስጂ 20137 ብሎ ለየብቻ ማስገባት ችግሩን ይፈታል።

ካርታው በቦታው ሆኖ በትንሹ የዞረ ከመሰለ የሚታየው የማግኔት ሰሜንና የእውነተኛው ሰሜን ልዩነት ነው። አንድ ዲግሪ በ1 ኪሎ ሜትር ላይ 17 ሜትር ያህል ያርቃል። ቴሪዮን የዋሻው አፍ መገኛና የቅየሳው ቀን ከተሰጠው ልዩነቱን ራሱ ያሰላል፤ ቀኑን የሚያነበው ግን በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው። በደብተር ላይ የካቲት 2 ቀን 2016 ተብሎ የተጻፈው ወደ 2024.02.10 ሳይለወጥ ከገባ፣ ፕሮግራሙ ቅሬታ ሳያሰማ የሌላ ዓመት ልዩነት ያሰላል። ውጤቱ ትንሽ ስለሆነ ማንም ሳያየው ለዓመታት ሊቆይ ይችላል፤ ለዚህም ነው ቀኑን ገና ዋሻው አፍ ላይ ሳሉ በሁለቱም አቆጣጠር መጻፍ የሚገባው።

ሥዕሉ ሲወላገድ

መተላለፊያው በአንድ በኩል ተለጥጦ፣ በሌላ በኩል ተጨማድዶ ከወጣ፣ እርሳስ ማንሣት አያስፈልግም። ቴሪዮን እያንዳንዱን ስክራፕ፣ ማለትም ለብቻው የተሣለውን የካርታ ክፍል፣ በቅየሳ ነጥቦቹ ላይ እንዲያርፍ ይስበዋል። በሥዕሉ ላይ ነጥብ 12 በነጥብ 21 ስም ከተመዘገበ ሥዕሉ ወደማይመለከተው ቦታ ይሳባል። የቅየሳ ነጥቦቹን የሚያገናኘውን የመሃል መስመር ከሥዕሉ ጋር አብሮ እንዲወጣ አድርጎ የነጥቦቹን ስም አንድ በአንድ ማመሳከር ስህተቱን ያሳያል።

ፕሮግራሙ የስክራፑ ጠርዝ ራሱን ይቆራርጣል ብሎ ካስጠነቀቀ የግድግዳ መስመሮቹ ተጠላልፈዋል ወይም አንደኛው ተገልብጦ ተሥሏል። ከቴሪዮን ጋር በሚመጣው ማዘጋጃ፣ በኤክስቴሪዮን፣ የመሣያ መስኮት ላይ አንድ መስመር ሲመረጥ በመነሻው ላይ አጭር ጭረት ይታያል፤ ለግድግዳ ይህ ጭረት ወደ መተላለፊያው ውስጥ ማመልከት አለበት፤ ወደ ዐለቱ ካመለከተ መስመሩን መገልበጫውን መጫን ይበቃል። በመተላለፊያው መካከል ያለ ትልቅ የዐለት ምሰሶ ሲሣል ደግሞ መስመሩ የውስጥ ጠርዝ መሆኑ በአማራጩ ላይ ካልተነገረ፣ ፕሮግራሙ እንደ ውጭ ግድግዳ ስለሚቆጥረው የስክራፑ ቅርጽ ይበላሻል። አንዱ መተላለፊያ በሌላው ላይ በሚያልፍበት ቦታ የላይኛውንና የታችኛውን በአንድ ስክራፕ ላይ መሣልም ከዚሁ ጋር የሚቆጠር ስህተት ነው፤ ሁለቱ ተለይተው መሣል ይኖርባቸዋል።

የአማርኛው ጽሑፍ ሳይታይ ሲቀር

ካርታችን የአካባቢው ሰው በሚያውቀው ስም መጻፍ አለበት ብዬ ስለማምን ይህን ችግር በቀላሉ አላየውም። በመጀመሪያ የፋይሉ የመጀመሪያ መስመር «ኢንኮዲንግ ዩቲኤፍ-8» (encoding utf-8) የሚለው ትእዛዝ መሆኑ ይረጋገጥ። ሁለተኛው ምክንያት ቴሪዮን ይዞት የሚመጣው ፎንት የግዕዝ ፊደል የሌለው መሆኑ ነው፤ ስለዚህ በቴሪዮን የማስተካከያ ፋይል ውስጥ እንደ አቢሲኒካ ወይም ኖቶ ሴሪፍ ኢትዮፒክ ያለ ፎንት ያለበትን ቦታ ማመልከት ያስፈልጋል። ፕሮግራሙ አምስት ዓይነት ፎንት ይጠይቃል፤ ዘመም ያለው ዓይነት ከሌለ መደበኛው ይደገማል። የቅየሳና የነጥብ መለያዎች ግን የሚቀበሉት የላቲን ፊደልና ቁጥር ብቻ ስለሆነ፣ የአማርኛው ስም የሚገባው በርእሱና በካርታው ላይ በሚታየው ጽሑፍ ውስጥ ነው።

ሲታተም መጠኑ ሲለወጥ

ማተሚያ ቤት ወስደው ሲያሳትሙ ካርታው በወረቀቱ ልክ እንዲሆን ተብሎ ከተሳበ ወይም ከተጨመቀ፣ የተጻፈው ስኬል ውሸት ይሆናል። ፋይሉ መቶ በመቶ በሆነ መጠኑ እንዲታተም መናገርና ወረቀቱን ከመረከብ በፊት የስኬል መስመሩን በማስመሪያ መለካት ይገባል፤ በ1፡500 ካርታ ላይ 10 ሜትር ተብሎ የተሠመረው በትክክል 2 ሴንቲሜትር መሆን አለበት።