ከኮምቦልቻ እስከ ላሊበላ፦ የአየር ርቀትንና የበረራ ጊዜን ማስላት

በወሎ ምድር ያሉትን የኮምቦልቻንና የላሊበላን አውሮፕላን ማረፊያዎች የሚለየውን የአየር ርቀት ለማወቅ፣ በመጀመሪያ የሁለቱን የኬክሮስና የኬንትሮስ ልዩነት ከካርታ ላይ ያንብቡ። የኬክሮሱ ልዩነት 0.9 ዲግሪ ያህል ስለሆነ በ111 ሲባዛ ወደ 100 ኪሎ ሜትር ይሰጣል፤ 0.73 ዲግሪ የሚሆነው የኬንትሮስ ልዩነት ግን በ109 ይባዛል፣ ምክንያቱም ከምድር ወገብ በራቅን ቁጥር የኬንትሮስ መስመሮች እየተቀራረቡ ይሄዳሉ፤ ውጤቱም 80 ገደማ ነው። የሁለቱን ቁጥሮች ካሬ ደምረው ካሬ ሥሩን ሲያወጡ 128 ኪሎ ሜትር ያህል ያገኛሉ። በወልድያና በጋሸና የሚዞረው የመኪና መንገድ ከዚህ እጥፍ በላይ ነው።

ለጊዜው ስሌት የአውሮፕላኑን ከፍተኛ ፍጥነት መጠቀም ያሳስታል፤ በአጭር በረራ አብዛኛው ጊዜ ወደ ላይ በመውጣትና ዝቅ በማለት ያልቃልና። በአማካይ በሰዓት 450 ኪሎ ሜትር ቢወሰድ 17 ደቂቃ ይሆናል፤ ለመንደርደሪያና ለማረፊያ ዙር 10 ደቂቃ ያህል ይጨምሩ። በአዲስ አበባ በኩል ከተጓዙ ግን ሁለቱን በረራዎችና በመካከል ያለውን ቆይታ ለየብቻ አስልተው ይደምሩ። ትኬት ላይ 8:00 ተብሎ የተጻፈው ከጠዋቱ 2 ሰዓት መሆኑንም ልብ ይበሉ።