በጎልፍ ፐቲንግ ላይ የልምምድ ምትን ከንቱ የሚያደርጉ ስህተቶች

ግሪን ላይ፣ ማለትም ጉድጓዱ ባለበት አጭር ሣር ላይ ሲደርስ፣ ፐተሩን (ኳሱን ወደ ጉድጓዱ የሚያንከባልልበትን ዱላ) ሁለት ሦስቴ ሳያወዛውዝ የሚመታ የጎልፍ ተጫዋች ጥቂት ነው። ብዙው ሰው ግን የሚያወዛውዘው ስለለመደው ብቻ ነው። ይህ ኳሱን ሳይነኩ የሚደረግ የልምምድ ምት ዋጋ የሚኖረው ቀጥሎ ከሚመጣው ምት ጋር አንድ ሲሆን ነው።

ትልቁ ስህተት ዓይን ላይ ነው። ሲለማመዱ ፐተሩን ወይም ሣሩን ያያሉ፤ መታየት ያለበት ግን ጉድጓዱ ነው። ለጓደኛችሁ ቁልፍ ስትወረውሩለት እጃችሁን አታዩም። እሱን እያያችሁ ትወረውራላችሁ፣ ክንዳችሁ ኃይሉን ራሱ ይመጥናል። እዚህም እንደዚያው ነው። ከኳሱ ጎን ቁሙ፣ ዓይናችሁን ጉድጓዱ ላይ ጣሉ፣ ኳሱ እየተንከባለለ ሲሄድ በሐሳባችሁ እያያችሁ አወዛውዙ። «ይህቺ ትበቃለች» የሚል ስሜት ሲመጣ አቁሙና ሳትዘገዩ ተጠግታችሁ ምቱ። ስሜቱ ቶሎ ይጠፋል።

ለርቀቱ የሚመጥነውን ኃይል ይህን ያህል የማነሳው በምክንያት ነው። የጉድጓዱ ስፋት 108 ሚሊ ሜትር ነው፤ ኳሱ ደግሞ ከ42.67 ሚሊ ሜትር አያንስም። ቀስ ብሎ የደረሰ ኳስ በጠርዝ በኩልም ይገባል። በፍጥነት የመጣው መሃሉን ካላገኘ ጠርዙን ዞሮ ይወጣል። ኃይሉን ያልመጠነ ሰው ጉድጓዱን በራሱ ላይ አጠበበ ማለት ነው።

ሌላው የልምምዱና የእውነተኛው ምት መለያየት ነው። ኳስ በሌለበት እጅ ዘና ይላል። ኳሱ ፊት ሲቆሙ ግን መያዣውን ጭምቅ ያደርጉታል፣ ፐተሩም ኳሱ ጋ ሲደርስ ፍሬን ይይዛል። ወደ ኋላ የምትወስዱትን አሳጥሩት፤ ብዙ ወደ ኋላ የወሰደ ሰው ነው ወደፊት ሲመጣ የሚሰጋው።

ማብዛትም አይጠቅምም። ሁለት ይበቃል። የጨዋታው ሕግ እያንዳንዱን ምት በ40 ሰከንድ ውስጥ መጨረስን ይመክራል።

በልምምድ ግሪን ላይ ሦስት ኳስ ደርድሮ ከአንድ ቦታ መምታትም የተለመደ ነው። ሁለተኛውና ሦስተኛው የመጀመሪያውን አይታችሁ የምታርሙባቸው ናቸው፤ ጨዋታ ላይ ግን ይህ ዕድል የለም። በአንድ ኳስ ብቻ፣ ርቀቱን እየቀያየራችሁ ተለማመዱ። ከአንድ ቦታ መደጋገም የሚጠቅመው አቅጣጫን ለማጥራት ነው። ተዳፋት በሌለበት ከኳሱ ፊት ሠላሳ ሴንቲ ሜትር ያህል ራቅ አድርጋችሁ ሁለት ቲ (ኳስ የሚቀመጥባት ትንሽ ችካል) ትከሉ፣ መካከላቸው ኳሱን ለጥቂት ያሳልፍ። ኳሱ የሚነሳበትን አቅጣጫ በዋናነት የሚወስነው የፐተሩ ፊት፣ ማለትም ኳሱን የሚነካው ገጽ ነው። በቀኝ ለሚመታ ሰው፣ ፊቱ ከተከፈተ (ወደ ቀኝ ከዞረ) ኳሱ የቀኙን ቲ ይገጫል፤ ከተዘጋ (ወደ ግራ ከዞረ) የግራውን። ጥፋታችሁ የቱ እንደሆነ ወዲያው ታውቃላችሁ።

ኳሱን እንዳይነኩ ፈርተው በጣም ርቀው የሚለማመዱም አሉ። ከ2019 ወዲህ ባለው ሕግ ግሪን ላይ ሳታስቡ ኳሱን ብታንቀሳቅሱ ቅጣት የለም፤ ወደ ቦታው መልሳችሁ ትመታላችሁ። ስለዚህ ጠጋ ብላችሁ፣ በዚያው ተዳፋት ላይ ቆማችሁ ተለማመዱ። የተከለከለው የምትጫወቱበትን ግሪን ሆን ብሎ በእጅ እየፈተጉ ወይም ኳስ እያንከባለሉ መፈተን ነው። ጉድጓዱን ከጨረሳችሁ በኋላ ግን የውድድሩ ደንብ ካልከለከለና ጨዋታውን ካላዘገያችሁ፣ የሳታችሁትን ምት እዚያው ደግማችሁ መምታት ትችላላችሁ።